ጌሾው በዝቷል

የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ቢራ አይጠጣም፤ ይመረምራል። መጀመሪያ ብርጭቆውን ወደ መብራቱ ያነሣል፤ ገበያ መሀል ዕንቁላል ለፀሐይ እያሳየች የምትመርጥ ሴት አይታችኋል? እንደዚያ። ቀጥሎ ያሽከረክረዋል። ቀጥሎ አፍንጫውን ከነጢሙ ከትቶ ያሸታል። ከዚያ አንድ ጉንጭ ይወስድና ሳይውጥ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆያል። እስከዚያ እኔ የራሴን አጋምሻለሁ። በመጨረሻ ዓይኑን ይገልጥና ፍርዱን ይሰጣል።

«የመንደሪን ልጣጭ፣ የጥድ ሙጫ፣ ትንሽ ማንጎ። ሲያበቃ ደግሞ ዝናብ የነካው ሣር።»

«ቢራስ የለበትም?» አልኩት በመጀመሪያው ቀን። አልሣቀም።

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከዋሽንግተን አፍንጫ ሥር ነው። ባለጢሙ ባልደረባዬና ሦስት ጓደኞቹ ዓርብ ዓርብ ከሥራ በኋላ አነስተኛ ጠማቂዎች ራሳቸው ጠምቀው ራሳቸው ወደሚሸጡበት ቤት ይሄዳሉ። ቢራውን «ክራፍት ቢራ» ይሉታል፤ ከፋብሪካ ሳይሆን ከእጅ የወጣ ለማለት ነው። «አንተም ና፣ ቢራ እንጠጣ» ሲሉኝ የገባኝ እንደ አገሬ ልማድ ነበር። እኛ ዘንድ «ቢራ እንጠጣ» ማለት «የማማው ሰው አለኝና አግዘኝ» ማለት ነው፤ ካልሆነም ብድር ሊጠየቅ ነው። ቢራው ሰበብ ነው። እነዚህ ሰዎች ዘንድ ግን የስብሰባው አጀንዳ ቢራው ራሱ ሆኖ አገኘሁት። ሁለት ሰዓት ተኩል ተቀምጠን የአንድ ሰው ስም አልተነሣም። አለቃችን እንኳ፣ ያ ሁሉ ለሐሜት የሚሆን ነገር እያለው፣ በሰላም አመለጠ።

ግድግዳው ላይ በጠመኔ የ24 ቢራ ስም ተዘርዝሯል። ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ሁለት ቁጥር አለ። አንዱ የአልኮሉ መጠን ነው። ሌላው ምሬቱ። ምሬት በቁጥር ተጽፎ ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው። መለኪያውን «አይ ቢ ዩ» ይሉታል። በየሱፐርማርኬቱ በካርቶን የሚሸጠው ቀላል ቢራ ዐሥር አካባቢ ነው፤ «አይ ፒ ኤ» የሚባለው ዘር ከ40 እስከ 70 ይሄዳል፤ ድርብ አይ ፒ ኤ ከሚሉት ውስጥ ደግሞ መቶን የሚጠጋ አለ። እኔ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አንብቤ ስጨርስ ቀጂውን ልጅ ጠራሁትና፣ «ከእነዚህ ሁሉ አብልጦ የቀዘቀዘው የትኛው ነው?» አልኩት። ባለጢሙ ቀስ ብሎ እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ፤ ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው።

ጥፋቱ የኔ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ቢራ የሚመዘነው በሁለት ነገር ነው፦ ቀዝቅዟል ወይ? ጠዋት ራስ ያማል ወይ? ድራፍት ቤት ገብቶ ጃምቦ ያዘዘ ሰው ስለ ጥድ ሙጫ ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም። «ይቺ ታማለች»፣ «ይቺ አታምም»፤ ምርምሩ እዚህ ላይ ያበቃል። የቀረው ወገን መያዝ ነው። አባቴ ጊዮርጊስ ነበር፤ በቢራም በኳስም። ቢራው የተመሠረተው በ1922፣ ቡድኑ በ1935 ነው (እዚህ ወግ ውስጥ ዓመት የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ጉዳዩ የፈረንጅ ይበዛዋል)፤ አባቴ ግን ሁለቱን ነጣጥሎ አይቷቸው አያውቅም። ቡድኑ የተሸነፈ ቀን ቢራው ይመረው ነበር። ስለ ጣዕሙ አስተያየት ስጥ ቢሉት እንደ ድፍረት ይቆጥረው ነበር። ሰው በደብሩ ላይ አስተያየት ይሰጣል እንዴ?

ዓርብ ዓርብ መሄዴን ግን ቀጠልኩ። አንደኛ ነገር ባለጢሙ ይከፍላል። ሁለተኛ፣ ወሬያቸው ሳላስበው ይጥመኝ ጀመር። ዋሽንግተን ውስጥ ክርስቲያን ሃይሪክ የሚባል ከጀርመን የመጣ ስደተኛ ያቋቋመው የቢራ ፋብሪካ ነበር አሉ። በ1956 ተዘጋ፤ ቦታው ላይ ዛሬ የኬኔዲ ማዕከል ቆሟል። ከዚያ በኋላ ዲሲ ብራው የሚባለው እስኪከፈት፣ እስከ 2011 ድረስ፣ ከተማዋ ውስጥ ቢራ ጠምቆ፣ አሽጎ ለገበያ የሚያወጣ አልነበረም። ሃምሳ አምስት ዓመት! ባለጢሙ ይህን ሲተርክ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ የጠላትን ዘመን የሚያወጋ አርበኛ ይመስላል። እኔ ደግሞ በልቤ ጉለሌን አሰብኩ። ጉለሌ እንኳን 55 ዓመት፣ 55 ሰዓት ያለ ጠማቂ አታድርም።

አንድ ቀን «ይህ ሆፕ ሆፕ የምትሉት ነገር ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ሐረግ ላይ የሚያፈራ አረንጓዴ አበባ ነው አሉኝ፤ ቢራን የሚያመርረው፣ ሽታ የሚሰጠው፣ ቶሎ እንዳይበላሽ የሚጠብቀው እሱ ነው።

«ገባኝ። ጌሾ ነዋ!» አልኩ በአማርኛ፣ ለራሴ።

«ጌሾ?» ብሎ ባለጢሙ ከመቀመጫው ተነሣ። «ጌሾ ነው ያልከው?»

ለካስ ያውቀዋል። ዴላዌር ውስጥ ዶግፊሽ ሄድ የሚባል ጠማቂ አለ፤ በ2010፣ የጃዝ ሙዚቀኛው ማይልስ ዴቪስ በ1970 ያወጣው አንድ ዝነኛ አልበም 40 ዓመት ሞላው ብሎ፣ በአልበሙ ስም አንድ ቢራ አወጣ። ሦስት እጅ ጥቁር ቢራ፣ አንድ እጅ ጌሾ የገባበት የማር ቢራ። በእኛ ቋንቋ፣ ጥቁር ቢራና ጠጅ ተደባልቆ ማለት ነው። ባለጢሙ ያን ጊዜ የጠጣውን ጠርሙስ እስከ ዛሬ አልጣለውም። ይህ ሰው ኢትዮጵያ ከኬንያ በላይ ትሁን በታች በቅጡ አያውቅም፤ ጌሾን ግን ያውቃል። በኋላ ይህን ለአክስቴ ብነግራቸው፣ «ጠጅና ቢራ የደባለቀ ሰው ሰፈራችን ውስጥ አንድ ነበር። ቤተ ክርስቲያን የገባ መስሎት ጫማውን አውልቆ ፖሊስ ጣቢያ ገባ» አሉኝ። ወደ አክስቴ እመለሳለሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የእነሱን ነገር በእኛ ቃል እየተረጎምኩ መስማት ጀመርኩ፤ ነገሩ ሁሉ ብርሃን ሆነልኝ። ለምሳሌ አሁን ፋሽኑ የደፈረሰ አይ ፒ ኤ ነው። የፍራፍሬ ጭማቂ ይመስላል፤ በብርጭቆው ማዶ ጣት አይታይም። አገሩ ቨርሞንት ነው። ዘ አልኬሚስት የሚባል ቤት በ2004 የጀመረው «ሄዲ ቶፐር» የሚሉት ቢራ ነው ይህን ወፈፌነት በሰፊው ያስነሣው ይላሉ፤ ቆርቆሮው ላይ «ከቆርቆሮው ጠጡት» የሚል ትእዛዝ ተጽፎበታል። እዚያ ድረስ መኪና ነድቶ የሄደ፣ ተሰልፎ የገዛ፣ ሻንጣው ውስጥ በካልሲ ጠቅልሎ ያመጣ ሰው ከባለጢሙ ጓደኞች መካከል አለ። የመጣ ለታ እንደ ጸበል ተከፋፈልነው። ቀመስኩት። ጉሽ ነው። ያልተጣራ፣ አተላው ያልወረደለት፣ የታወቀ ጉሽ! ጥሩ ጉሽ ነበር፣ አልዋሽም። ግን የእኛ ሰው ጉሽ ፍለጋ ድንበር አይሻገርም፤ የጠማቂዋ ጎረቤት መሆን ይበቃዋል።

ኮምጣጣውም እንዲሁ። ብራሰልስ አካባቢ ላምቢክ የሚሉት ቢራ አለ። እርሾ አይጨመርበትም፤ ክፍት ገንዳ ላይ ያሳድሩትና አየር ላይ ያለው እርሾ ራሱ እንዲገባበት ይተዉታል። ከዚያ በእንጨት በርሜል ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት። ከ1900 ጀምሮ ያለ ካንቲዮን የሚባል ቤት አለ፤ የእሱን ጠርሙስ ሲከፍቱ ሰዎቹ ወንበራቸውን አስጠጉ። ባለጢሙ አሽትቶ፣ «አሃ! የፈረስ ግላስ!» አለ፤ በደስታ። ለማጣጣል መስሎኝ ነበር፤ ለካ ከፍተኛው ምስጋና ይህ ነው። የእኛ ሴት ጠላዋ ሆምጥጦ፣ ላብ የጠጣ የፈረስ ግላስ ሸተተ ቢባል ያን ዓመት ማኅበር አትወጣም።

ስለ ጥቆማቸውም አንድ ነገር ልበል። እነዚህ ሰዎች ባገኙት ሰው ላይ ቢራ ይጠቁማሉ። «ይህን ካልቀመስክ አልኖርክም» ይሉሃል። ስልካቸው ላይ የጠጡትን ሁሉ ይመዘግባሉ፤ ለእያንዳንዱ ከአምስት ኮከብ ይሰጣሉ፤ ኮከቡም እንደ ሥጋ በሩብ በሩብ ይቆረጣል። እኛ ዘንድ ጥቆማ በሹክሹክታ ነው። ጣሳ የተሰቀለበት በር ሁሉ ጠላ አለው፤ የትኛው በር ዘንድ ዛሬ ጥሩ ጋን እንደተከፈተ የሚያውቅ ሰው ግን ለወዳጁ ብቻ፣ ያውም ጆሮው ሥር ይናገራል። ለሁሉ ካወራው ከሰዓት በኋላ ሲመለስ ያለቀበት ራሱ ነው። ባለጢሙ ይህን ስነግረው በጣም ገረመው። ጥሩ ቢራ አግኝቶ ዝም ማለት ለእሱ ኃጢአት ነው።

እንግዲህ አክስቴ። የሁለተኛ ልጃችን ክርስትና ደረሰና ከአዲስ አበባ መጡ። ትውልዳቸው መንዝ ነው፤ ገብስ አገር። ስድሳ ዓመት ያህል ጠላ ጠምቀዋል፤ ለማኅበር፣ ለሰርግ፣ ለተዝካር፣ ለበዓል። የመጡ ዕለት ቤታችንን ዞረው አዩና፣ «ጋኑስ?» አሉ።

«እትዬ፣ እዚህ አገር ቢራ ገዝተን ነው የምናቀርበው።»

«ክርስትና? ያለ ጠላ? ልጅቷን ምን ብላችሁ ልታሳድጓት ነው?»

ቀጥሎ ያስጨነቃቸው መንግሥት ነበር። «በቤት መጥመቅ አይከለክሉም?» አሉኝ። ይህንን ከዓርቦቹ ተምሬዋለሁ። የቤት ጠመቃን ነፃ ያደረገውን ሕግ ፕሬዚዳንት ካርተር በ1978 ፈርመውታል፤ ሁለት አዋቂ ያለበት ቤት በዓመት 200 ጋሎን መጥመቅ ይችላል፤ እስካልሸጠ ድረስ። በሊትር 757 ይሆናል ብዬ ነገርኳቸው። አክስቴ ጣታቸውን አጠፍ ዘርጋ እያደረጉ አሰሉና፣ «ለአንድ ሰርግ አይበቃም» አሉ። «እኚህ ካርተር ዘመድ የላቸውም?»

ጌሾ ፍለጋ ወጣን። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የአበሻ ሱቅ ሞልቷል። መጀመሪያ የገባንበት ሱቅ በላስቲክ የታሸገ ሰጠን። አክስቴ ገለበጥ አደረጉና፣ «ይህ እንጨቱ ነው። ለጠጅ ነው። ቅጠሉን ስጠኝ» አሉት ልጁን። ልጁ ጌሾ ቅጠል እንዳለው ያን ቀን ነው የሰማው። ሁለተኛውም እንጨት ነው። ሦስተኛው ሱቅ ውስጥ፣ ከበርበሬው ኋላ፣ ቅጠሉ ተገኘ። አክስቴ በመዳፋቸው አሽተው አሸተቱትና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ባለጢሙን አየሁ፤ ራሱን ነው፣ ጢሙ ሲቀር።

እሱም ወሬውን ሰምቶ ኖሮ ቅዳሜ ጠዋት ደጃችን ላይ ተገተረ። ከቤት ጠማቂዎች ዕቃ መሸጫ አንድ ከረጢት ብቅል፣ ቴርሞሜትር፣ ሚዛን፣ ዕቃ ቤት የሚያህል የመስታወት ጠርሙስ ይዟል። አክስቴ ብቅሉን ሁለት ፍሬ በጥርሳቸው ሰበሩት። «ጥሩ ብቅል ነው። ማን አበቀለው?» ፋብሪካ መሆኑን ስነግራቸው፣ «የምትቆጣጠረው ሴት ጎበዝ ናት» አሉ። የመስታወቱን ጠርሙስ ግን አልተቀበሉም። «ጠላ በብልቃጥ? አፍሮ ይሞታል» ብለው ትልቁን የዶሮ ወጥ ብረት ድስት አስወረዱኝ።

ከዚያ ምርመራው ተጀመረ። እኔ አስተርጓሚ ነኝ።

«ጌሾው ስንት ግራም ነው?»

«እንደ ጌሾው ነዋ።»

«ውሃው ስንት ዲግሪ?»

«እጅ ሲችለው።»

«ጥንስሱ ስንት ሰዓት ይቆያል?»

«እስኪነሣ።»

«እንደተነሣ በምን ይታወቃል?»

አክስቴ ወደኔ ዞሩ። «እናት የለውም እንዴ?»

ባለጢሙ ግን ተስፋ አልቆረጠም። አሻሮው ሲቆላ ሽታውን ጻፈ፤ ቂጣው ሲጋገር ውፍረቱን ለካ፤ እንኩሮው ሲነኮር ፎቶ አነሣ። በመጨረሻ ጭንቅላቱን ያዘና፣ «እርሾውስ? እርሾው መቼ ነው የሚገባው?» አለ። ለአክስቴ አስተላለፍኩ። «የምን እርሾ? የእንጀራ ነው የጠላ ነው የሚያወራው?» አሉ። ባለጢሙ ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። በ1516 የባየርን መሳፍንት ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕና ከውሃ በቀር ምንም እንዳይገባበት ደንግገዋል፤ እዚያ ሕግ ውስጥም እርሾ የለም፤ እርሾ ምን እንደሆነ ገና አልታወቀማ። «አክስትህ የ1516ቱን ሕግ ነው የሚያከብሩት!» አለኝ። ነገርኳቸው። «እህል፣ ጌሾ፣ ውሃ፣ ሌላ ምን ሊገባበት ኖሯል?» አሉ በንዴት፤ መሳፍንቱ ሌላ ነገር አስበው የተያዙ መስሏቸው።

የድስቱን መታጠን አሳጥሬ ልናገር፤ ሰፊ ታሪክ ነው፣ ግን ባለቤቴ እንዳላነሣው አስጠንቅቃኛለች። አክስቴ ከአዲስ አበባ በጋዜጣ የጠቀለሉት የወይራ ፍልጥ ነበራቸው። ምድጃው ላይ አጭሰው ድስቱን ደፉበት። ጢስ ጠቋሚው ጮኸ። ከዚያ የኮሪደሩ ጮኸ። ከዚያ የሕንፃው ሁሉ። ስድስት ፎቅ ሙሉ ሰው በፒጃማ ግቢ ወጣ፤ ቀዩ መኪና መጣ። አክስቴ ነጠላቸውን አጣፍተው በሰዉ መካከል ቆሙና፣ «ምን ሆነው ነው? ሰው ሞተ?» ይሉኛል። ኮፍያ ያደረገው የእሳት አደጋ ሠራተኛ ወጥቶ አይቶ ሲመለስ፣ «የወይራ እንጨት ነው?» ብሎ ጠየቀኝና፣ «ሽታው ደስ ይላል» አለ። ከዚያ በኋላ ግን ስለ ሕንፃው ደንብ ለረጅም ጊዜ አነጋገረኝ፤ እሱን እዚህ አልጽፍም።

ሁለት ሳምንት አለፈ። ድፍድፉ ተበጥብጦ፣ ተጣርቶ፣ ለክርስትናው ደረሰ። ባለጢሙና ጓደኞቹ ተጠርተው መጡ፤ ሸሚዛቸውን ሱሪያቸው ውስጥ ከትተዋል። አክስቴ ጣሳ ስላጡ በውሃ ማሰሮ ይዘው ቀረቡ፤ እንደ ደንቡ መጀመሪያ በመዳፋቸው ጠብ አድርገው ቀመሱ። ባለጢሙ «ይህ ምንድን ነው?» አለኝ። የሚቀዳ ሰው ቀድሞ የሚቀምሰው መርዝ እንደሌለበት ለማሳየት ነው አልኩት። ለጓደኞቹ አሰማቸው፤ ሁሉም እንደ ቅዳሴ ጸጥ አሉ። እንዲህ ያለ የቢራ ቅምሻ አይተው አያውቁም።

ከዚያ ጥፋቱ መጣ። ባለጢሙ ጠላውን ወደ መብራት አነሣው።

«ምን ጉድፍ አየ?» አሉ አክስቴ።

አፍንጫውን ከተተ።

«ሸተተው እንዴ?» ድምፃቸው ወረደ። እኛ ቤት የቀረበለትን መጠጥ የሚያሸት ሰው ጠበኛ ነው።

ጉንጩን ሞልቶ ዓይኑን ጨፈነ።

«አመመው። ወይኔ! ልጁን አመመው!»

ዓይኑን ገለጠ። «ጢስ» አለ በእርካታ። «ግሩም ጢስ! ባምበርግ ከተማ ብቅሉን በእንጨት ጢስ አድርቀው የሚጠምቁት ቢራ አለ፣ እሱን ያስታውሰኛል። የተጠበሰ ዳቦ። ትንሽ መሬት መሬት የሚል ነገር። ምሬቱ ሳይጮህ የቆየ።» ይህንን መተርጎም የኔ ዕዳ ነው። «ጢስ ጢስ ይላል ነው የሚልሽ» አለቻቸው ከጓዳ አንዷ ጎረቤታችን፣ ከኔ ቀድማ። አክስቴ ተቀመጡ። ስድሳ ዓመት ሲጠምቁ ጢስ ጢስ ይላል ያላቸው ሰው የለም። ምስጋና መሆኑን ለማስረዳት እኔ፣ ባለቤቴና ቄሱ ተባበርን።

ባለጢሙ ስልኩን አውጥቶ መጻፍ ያዘ። «ምን ይጽፋል? የቀበሌ ሰው ነው?» አሉኝ። ማርክ እየሰጠ ነው አልኳቸው።

«ስንት ሰጠኝ?»

«ከአምስት አራት ከሩብ።»

አክስቴ ትንሽ አሰቡ። «ሦስት ሩቡን ምን አደረገው?»

ያን ጊዜ እኛ ዘንድ ኮከብ የማይሠራበት ምክንያት ገባኝ። እንግዳ እኮ ስለ ጠላ ሐሳብ አይጠየቅም፤ ሐሳቡ የሚታወቀው ከእጁ ነው። ሲጨመርለት ጣሳውን በመዳፉ ከከደነ አልወደደውም። ሳይከድን «ኧረ ይበቃኛል» ካለ ወዷል። ያውም ይህንን እንኳ «በሞቴ» ያበላሸዋል፤ «በሞቴ» ተብሎ የሚጠጣ ሰው ወዶት ይሁን ፈርቶ በምን ይለያል? አክስቴ «ጨምርለት፣ በሞቴ» አሉ። ጨመርኩለት። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ። ባለጢሙ መዳፍ መክደን ማንም አላስተማረውም። ወደ ማታ ስልኩን ሲያሳየኝ ማርኩ አምስት ገብቷል።

ብድሩን ሊመልስ ፈለገና ከቦርሳው አንድ ቆርቆሮ አወጣ። ከሁሉ የሚያምነው ድርብ አይ ፒ ኤ ነው፤ ምሬቱ ከ90 በላይ። በትንሽ ብርጭቆ ቀድቶ በሁለት እጁ አቀረበላቸው፤ እኔን አይቶ ነው መሰለኝ። አክስቴ ቀመስ አደረጉ፤ ፊታቸው አልተነቃነቀም። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጥሩ ነው» አሉና ብርጭቆውን አስቀምጠው መዳፋቸውን ላዩ ላይ ጣል አደረጉ። ባለጢሙ ደስ ብሎት ጻፈ።

ጓዳ ስንገባ ያዝኳቸው። «እውነቱን ንገሩኝ እትዬ።»

«ጌሾው በዝቷል። ጠማቂዋም ገና ልጅ ናት። ልጅ ሲሆኑ ነው ጌሾ የሚያበዙት፤ ሰው ይሰማልኝ ብለው ነው። እህሏ ግን ጥሩ ነበር፤ ጌሾው ዋጠው እንጂ። ስታገባ ትቀንሳለች።»

ባለጢሙን ከቤት ስሸኘው መኪናው ድረስ ጨቀጨቀኝ። «ጥሩ ነው» ያሉት ለትሕትና እንደሆነ ጠርጥሯል፤ ሞኝ አይደለም። እኔም ቃል በቃል ነገርኩት። ቆሞ ቀረ። ቢራው ባሳለፍነው ጸደይ ከተከፈተ ቤት ነው፤ ጠማቂው ኮሌጅ በቅርቡ የጨረሰ ልጅ ነው፤ አላገባም። ባለጢሙ ስልኩን አወጣና እዚያው መብራት ሥር ቆሞ ከዚያ ቢራ ላይ ግማሽ ኮከብ ቀነሰ።

አክስቴ ወደ አገራቸው ከተመለሱ አራት ወር ሆናቸው። ባለጢሙ ጠላ ለብቻው ጠምቋል፤ ሁለት ጊዜ። የመጀመሪያው ኮመጠጠና ላምቢክ ነው ብሎ ለጓደኞቹ አጠጣቸው። ሁለተኛውን ለኔ አመጣልኝ፤ በብርጭቆው ማዶ ጣት አይታይም፤ ጌሾው በዝቷል፤ ያልኩት ግን «ጥሩ ነው» ነው። አሁን ለሦስተኛው እየተዘጋጀ ነው፤ ያ ከበርበሬው ኋላ ቅጠሉ የተገኘበት ሱቅ ጨርሶበታል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ለሱቃችሁ ጌሾ የምታስመጡ ወገኖች፣ እባካችሁ ቅጠሉን አስመጡ። እንጨቱ ሞልቷል፤ እንጨቱ ለጠጅ ነው።